የጓዳው መዶሻ

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቁልቁል እስከ ኮልፌ ገበያ ያለው ሜዳ ጤፉ ታጭዶ ባዶውን ተኝቶ ነበር፤ በባሕር ዛፉ መካከል የሚያልፈው የሆለታ መንገድ ግን አንድም ቀን ባዶውን አልዋለም፤ የጣሊያን ካሚዮን ሲወጣበት፣ አስካሪ የሚባለው የጣሊያን ቅጥር ወታደር ሲወርድበት፣ አንዳንድ ቀንም እጃቸውን የፊጥኝ የታሰሩ ሰዎች ሲነዱበት ይውል ነበርና። በዚያ ሜዳ ዳር፣ አጥሩ በከፊል የፈረሰ አንድ ሰፊ ግቢ ነበር፤ የግራዝማች መሸሻ ወልደጊዮርጊስ ግቢ ይባላል።

ግራዝማች መሸሻ ከሰሜን ዘመቻ በእግራቸው ሲመለሱ ማደሪያ መሬታቸው ከእጃቸው ወጥቶ ቆያቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማው በወጡ ሰሞን በተነሣው ዘረፋ ደግሞ ሣጥናቸው ተሰብሮ የባለቤታቸው የወይዘሮ ጥሩብርሃን ድሪ፣ አምባር፣ አልቦና ጉትቻ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። የቀራቸው አንድ ነገር አጥንታቸው ነበር። «እስከ ሰባት ቤት ቢቆጠር ሸማኔ የለበት፣ ቀጥቃጭ የለበት» ይሉ ነበር ግራዝማች፤ ይህንንም ሲሉ ያንን የተቀደደ ኮታቸውን ከአንገታቸው በታች ይቆልፉታል።

በዚያው ዓመት በኮልፌ ካምፕ ካራቢኔሪ ለሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች የሚያስተረጉም ኃይለ መስቀል የሚባል ጎልማሳ የግራዝማችን ልጅ ሰብሌን ሽማግሌ ልኮ ጠየቀ። ግራዝማች ሽማግሌዎቹን ሳያስቀምጡ፣ «አያቱ ሸማ ሠሪ ነበር፤ ይህን እኔ ሳልነግረው እሱ ራሱ ያውቃል» ብለው መለሱ። ኃይለ መስቀል መልሱን ሲሰማ ሳቀ አሉ፤ «እጠብቃለሁ» ማለቱንም ሽማግሌዎቹ ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ አስካሪዎች በግራዝማች አጥር ሥር ማለፍ አበዙ፤ ሰብሌም ውኃ ለመቅዳት ብቻዋን መውጣት ተወች። በካምፑ ጥግ ያላገባች ልጅ ማን እንደሚወስዳት፣ ወስዶም ምን እንደሚያደርጋት የማያውቅ እናት አልነበረም።

መዳኛው አንድ ብቻ ነበር፤ ሰብሌን ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለፊታውራሪ ሀብተሥላሴ ልጅ መዳር፤ የፊታውራሪ ርስት በሜታ፣ ከካምፕም ከአስተርጓሚም የራቀ ነበርና። ፊታውራሪው ግን ጥንቁቅ ሽማግሌ ነበሩ። «ይህ ጦርነት ሁሉን ሰው መኳንንት አደረገው» አሉ፤ «ምስክሩ ሞቷል፣ ደብዳቤው ተቃጥሏል ብሎ ያልተሾመ የለም። ስለዚህ ልጅቱ በእናቷ ጌጥ አጊጣ ትታየኝ፤ የዱሮ ቤት ጌጥ አይቼ አልሳሳትም።»

«ጌጡ አለ» አሉ ግራዝማች፤ ወደ ቤት ገብተውም ለሚስታቸው፣ «አለ ብያቸዋለሁ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ጥሩብርሃን ከልብሱ ጀመረች፤ ልብስ መስፋት አያሳፍርምና። የባሏን ጥቁር ካባ ከተሰቀለበት አወረደች፤ ትከሻው ላይ ጥይት በስቶት፣ ጫፉ በዝናብ በስብሶ ነበር። ስፌቱን በምላጭ እየፈታች ቁራጩን ሁሉ በመደቡ ላይ ዘረጋችው፤ የወርቅ ዘቦውን ክር በክር እየነቀለች በሰንበሌጥ ላይ ጠቀለለችው፤ ከውስጥ ያለውን ቀይ የሐር ገበር ደግሞ አጥባና በጠፍጣፋ ድንጋይ ተጭና ለሰብሌ ቀሚስ ደረትና እጅጌ አደረገችው። የበሰበሰው ተቆርጦ ሲወድቅ የተረፈው ለአንዲት ቀጭን ልጅ ትከሻ የሚበቃ ጨርቅ ነበር፤ የጥይቱን ቀዳዳ የወርቅ መስቀል ጠልፋ ደፈነችው። ጎረቤቷ ካሳነሽ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ፣ «እጅሽ ይባረክ እትዬ! የእኔ መርፌ ጨርቅ ሳይሆን ጣቴን ነው የሚሰፋው» አለቻት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ጌጡ ግን ሌላ ነገር ነበር። ብሩ አልጠፋም፤ ጣሊያን አስረክቡ ያለው ማርትሬዛ ብር ከምድጃው ሥር ተቀብሮ ነበር። የጠፋው ሠሪው ነው። የታወቀ አንጥረኛ ቢጠራ በማግስቱ ወሬው ፊታውራሪ ዘንድ ይደርሳል፤ ጌጡም አዲስ መሆኑ ይታወቃል። ስለዚህ ጥሩብርሃን እንስራዋን አዝላ ወንዝ ወረደች፤ ከወንዙ ማዶ የቀጥቃጩ የደበላ ሚስት ዱሬቲ ትኖር ነበር። ደበላን ጣሊያኖች ጋሪ ይጠግንልን ብለው ወስደው አልመለሱትም፤ ወናፉና መዶሻው ከዱሬቲ ጋር ቀርቷል። በዚያ አገር ቀጥቃጭ ጠይብ ይባላል፤ ጠይብ ደግሞ ቡዳ ነው እየተባለ ሰው ከእሱ ጋር አይበላም፣ አይጋባም፣ ልጁንም ከዐይኑ ይሰውራል።

«እኔ ልሥራልዎ እመቤቴ» አለች ዱሬቲ፤ «ይህን ለስላሳ እጅ ለምን ያቃጥሉታል?»

«አንቺ ግቢዬ ስትገቢ ሰው ያያል።»

«እኔ ስገባ ቢታይ ቡዳ ገባች ይባላል። እርስዎ ሲቀጠቅጡ ቢታይስ ምን ሊባል ነው?»

«አልታይም።»

ዱሬቲ ከት ብላ ሳቀች። «ሁላችንም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የምንለው» አለች። ጥሩብርሃን ግን አልሳቀችም፤ ከነጠላዋ ሥር ከድንኳን ሸራ የሰፋቻቸውን ሁለት የልጅ ቀሚሶች አውጥታ እንደ ዋጋ አስቀመጠች፤ ዱሬቲም ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችና ትምህርቱን ጀመረች። ፍሙ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ነጭ እስኪሆን ወናፉ እንደማይተው፤ ብሩ በሸክላው ውስጥ እንደ ውኃ ሲያበራ ሳይዘገዩ ማፍሰስ እንደሚገባ፤ በቢላዋ የሚፋቅ ለስላሳ ድንጋይ ተሰንጥቆ፣ በሁለቱም ፊት ጎድጓዳ ተቆፍሮ፣ ሲገጠም የድሪ ፍሬ እንደሚወጣው አሳየቻት። ፍሬዎቹ እንደ ጣት ጫፍ ሾጠጥ ያሉ ነበሩ፤ የዱሮ ወይዛዝርት ድሪ እንዲያ ነበርና።

ጥሩብርሃን መሣሪያውን ተውሳ በሌሊት ወደ ቤቷ ካስገባች በኋላ፣ በገዛ ጓዳዋ የመጀመሪያውን ፍሬ ከድንጋዩ ፈልቅቃ በሎሚ ስታሸው፣ ነጭ ሆኖ በመዳፏ ላይ ተቀመጠ። ልጇን ለማዳን የጀመረችው ሥራ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ተሰማት፤ ስሙን ለማንም ልትነግረው የማትችል ደስታ። ጣቷ ተቃጥሎ ነበር፤ አልታወቃትም። ሁለተኛውን ለማፍሰስ ወናፉን አነሣች።

አምባሩ የሚቀጠቀጥበት መዶሻ ግን ድምፅ አለው። ግራዝማች ከደጅ ሆነው ሲሰሙት ጆሯቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ማታም፣ «ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?» አሉ።

«ጌሾ እየወቀጠች ነው ይበሉ።»

እንዲያው አሉ። ካሳነሽ ግን ጆሮዋም አፏም ጤነኛ ነበር። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ፣ «እትዬ ጥሩብርሃን፣ የእናንተ ቤት ጌሾ ብረት ብረት ይላል!» አለች። «ደግሞስ ወሩን ሙሉ ተወቅጦ ጠላው የታለ? ወይስ ግራዝማች በር ዘግተው ብቻቸውን ነው የሚጨርሱት?»

«ለሠርጉ ነው። ታገሺ፣ ትጠጫለሽ።»

ካሳነሽ ክፉ አላሰበችም፤ ቀልዱ ስለጣማት ብቻ ምንጭ ወርዳ ደገመችው። ከምንጭ ወደ ጠጅ ቤት ሄደ፤ ለገና ካምፕ ሲደርስ ቀልድነቱ ከላዩ ወድቆ ነበር፤ ከአንድ አርበኛ ከሚመስል ሰው ቤት ብረት ይቀጠቀጣል የሚለው ብቻ ደረሰ።

ጥር ሰባት ቀን፣ የሥላሴ ዕለት፣ ፊታውራሪ ሀብተሥላሴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ሰብሌ በዚያ ከአባቷ ካባ በተሠራ ካባ፣ በቀይ የሐር ደረት፣ በአንገቷ ድሪ፣ በእጇ አምባር አድርጋ ገብታ እጅ ነሣች። ሽማግሌው አጠገባቸው አስጠሯት፤ ከድሪው ፍሬዎች አንዱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ዞሩና ብዙ አዩት።

«ይህ የዱሮ እጅ ነው» አሉ። «የዛሬ ጠይብ እንዲህ ማፍሰስ አይችልም። ከማን ቤት ወጣ?»

«ከባለቤቴ አያት» አሉ ግራዝማች።

ከመጋረጃው ኋላ ገንቦ ይዛ የቆመችው ጥሩብርሃን ደም በፊቷ ላይ ሲወጣ ተሰማት፤ ሊያመሰግኗት የማይችሉ ሰው አመስግነዋት ነበር።

ፊታውራሪው «እንግዲህ ቀኑን» ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ በሰደፍ ተገፋ። አንድ የካራቢኔሪ መቶ አለቃ ገባ፤ ከኋላው አስካሪዎች፣ ከነሱም ጋር ኃይለ መስቀል። ጓዳው ተበረበረ። ወናፉ፣ መዶሻው፣ መስፍ የሚባለው የመቀጥቀጫ ብረት፣ የጠቆረው ሸክላ አንድ በአንድ ወጥተው በእንግዶቹ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ በመጨረሻም ያ ድንጋይ። መቶ አለቃው ከዝናሩ ጥይት መዘዘና ጫፉን በጎድጓዳው ውስጥ አስገባው። በትክክል አልገጠመም፤ ለእሱ ግን በቂ ነበር፤ ጮኸ።

ኃይለ መስቀል ቃሉን ከመተርጎሙ በፊት ሰብሌን አየ፤ ድሪዋን አየ፤ ድንጋዩንም አየ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደገባው ከፊቱ ታወቀ። ከዚያ በኋላ አልቸኮለም፤ መቶ አለቃው አማርኛ አይሰማምና።

«ግራዝማች፣ እንዴት ከረሙ?» አለ። «ጌታዬ ይህ የጥይት ማቅለጫ ነው ይላሉ፤ ለሽፍታ ጥይት ያቀለጠ ደግሞ ይሰቀላል። እኔ ግን የድሪ ማፍሰሻ ይመስለኛል። የሸማ ሠሪ የልጅ ልጅ ስለሆንኩ የእጅ ሠራተኛ ዕቃ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ይበቃኛል፤ ሚስቴ ጠይብ ናት ይበሉ። ብሩን እንወስዳለን፣ ትንሽ ትገረፋለች፣ በሕይወት ትመለሳለች። በዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰው ፊት ጠይብ ናት ይበሉልኝ።»

ፊታውራሪ ሀብተሥላሴ ድሪውን የነካውን እጃቸውን ቀስ ብለው በጋቢያቸው ጠረጉ። ግራዝማች መሸሻ ተነሡ፤ ኮታቸውን ቆለፉ።

«በእኔ በወልደጊዮርጊስ ልጅ ቤት» አሉ፤ «ጠይብ አልነበረም፤ የለምም።»

«ደግ ተናገሩ» አሉ ፊታውራሪው በዝግታ።

«አንቺስ እመት?» አለ ኃይለ መስቀል። «ባልሽ ክብሩን ተናገረ። አንቺ ነፍስሽን ተናገሪ።»

ጥሩብርሃን ቃሉ በአፏ ሞልቶ ነበር። ድሪውን አውልቂው፣ ፍሬውን በድንጋዩ ላይ አስቀምጪው ልትል ወደ ልጇ ዞረች፤ በዚያችው ቅጽበት ሰብሌ ነጠላዋን ስባ እስከ አገጯ ድረስ ድሪውን ሸፈነችው። ልጅቱ ይህን አስባ ያደረገችው አልነበረም፤ እጇ ብቻውን ነው የሄደው። እናትየዋ ግን ያንን እጅ አየችው፤ የሚፈልገውንም አወቀች።

«ጥይት ነው» አለች ጥሩብርሃን። «ባሌም ልጄም አያውቁም።»

ኃይለ መስቀል የፈለገውን ቃል ስላላገኘ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ተረጎመው።

አስካሪዎቹ እየጎተቱ ሲያወጧት ፊታውራሪ ሀብተሥላሴ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «ግራዝማች፣ አጥንትዎ ንጹሕ ነው፤ ይህን በመስቀል ፊት እመሰክራለሁ» አሉ። «ጊዜው ግን ክፉ ነው። ጣሊያን ከጻፈበት ቤት ልጅ ብወስድ የእኔም ቤት ይቃጠላል።» ሽማግሌዎቹም ተከትለዋቸው ወጡ፤ ቀኑ ሳይቆረጥ ቀረ።

በካምፑ እስረኞች የሚታጎሩት በቀድሞ የፈረስ ጋጣ ውስጥ ነበር። ሰብሌ ምግብ ይዛ በሄደች ጊዜ እናቷን በሽቦው ማዶ አገኘቻት፤ ፊቷ አብጦ አንድ ዐይኗ ተደፍኖ ነበር።

«ቀኑን ቆረጡልሽ?»

ሰብሌ ልትዋሽ ሞከረች፤ አልቻለችም። «ፊታውራሪ ቃላቸውን አንሥተዋል፣ እናቴ።»

ጥሩብርሃን ሽቦውን ይዛ ቆየች። ሕይወቷን የሸጠችበት ነገር ተመልሶ በእጇ ላይ ተጣለ። «እንግዲያው ለማን ብዬ ነው የምሞተው?» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «ሂጂ፣ ድሪውን አምጪው። ፍሬውን ከድንጋዩ ጋር አስተያይተው ይዩት። እኔም አንደበት አለኝ፤ ጠይብ ነኝ እላለሁ።»

ሰብሌ ሜዳውን በሩጫ አቋረጠች። ግቢው በር ስትደርስ ከጓዳ የመዶሻ ድምፅ ሰማች። ጣሊያኖች ያልወሰዱትን መጥረቢያ ገልብጠው ይዘው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ አባቷ የድሪውን ፍሬዎች በወፍጮ ድንጋይ ላይ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ሳያውቁበት ስለሚመቱ ብሩ እየሸሸ፣ እየተበተነ፣ ጣታቸውንም አድምቶት ነበር። አንድም ፍሬ አልቀረም።

«አባባ! ምን አደረጉ?»

«ማርትሬዛ ማቅለጥም ያስቀጣል፤ ቢያገኙት ሁላችንንም ይጨርሱናል» አሉ። ሰብሌ የእናቷን ቃል ስትነግራቸው ግን መጥረቢያውን አስቀመጡ። «ምን ልትዪ ነው? እናቴ ቀጥቃጭ ናት ልትዪ? ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ቆሞ እጅ ነሣኝ። ሴቶቹ ጉልበቴን ሳሙ። የጀግናዪቱ ባል አሉኝ። ከዘመቻ ስመለስ ማንም እንዲህ አላለኝም።» እጅጌያቸውን ወደ ታች መለሱ። «ሞቷን አታርክሺባት።»

ሰብሌ ከወለሉ ላይ የተጨፈለቀ ብር ለቅማ ወደ ካምፕ ተመለሰች። ኃይለ መስቀል ብሩን በመዳፉ ላይ አገላበጠው። «ይህ ምኑ ፍሬ ነው?» አለ። «ከቤታችሁ ሌላ የተቀጠቀጠ ማዕድን ተገኘ ብዬ እጨምረዋለሁ።»

ጥሩብርሃን ከሽቦው ኋላ ሆና፣ «ጠይብ ነኝ» ብላ ጮኸች። «ስማኝ! እኔ የግራዝማች መሸሻ ሚስት ጠይብ ነኝ! ድሪ ነው የሠራሁት፣ በገዛ እጄ፣ የሠራሁትም ያምራል!»

«ከመጀመሪያው አውቃለሁ» አለ ኃይለ መስቀል፤ ከአጠገቡ ወደ ቆመው መቶ አለቃ ዞሮም በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ። መቶ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። ያ ቃል ምን እንደነበር እናትም ልጅም አላወቁም፤ ቅዳሜ ግን፣ ገበያው በሞላበት ሰዓት፣ ጥሩብርሃን በኮልፌ ገበያ ዳር ተሰቀለች። ሬሳዋ እስከ ሰኞ አልወረደም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። ከሥሯ ያለፉ ሰዎች የተቃጠሉ ጣቶቿን እያዩ በሹክሹክታ፣ «ጥይት ስታቀልጥ ነው» ይባባሉ ነበር። ካሳነሽ ከዚያ ቀን ወዲያ ከዚያ ምንጭ ውኃ አልቀዳችም።

ሰብሌን ኃይለ መስቀል ከፋሲካ በኋላ ወሰዳት፤ ሽማግሌም አልላከ፤ ግራዝማችም ያን ጊዜ ስለ አያቱ አላነሡም። በ፲፱፻፴፫ ጣሊያን ሲወጣ እሱም ወጣ፤ እሷ አንድ ሕፃን አዝላ ወደ አባቷ ግቢ ተመለሰች፤ የባንዳ ውሽማ የሚል ስምም ተከትሏት ገባ። በዚያው ዓመት ግራዝማች ስለ ሚስታቸው ተጋድሎ ተሸለሙ፤ ከማደሪያቸውም ገሚሱ ተመለሰላቸው፤ ተዝካር አወጡ። በቀራንዮ ደጀ ሰላም አንድ አርበኛ ተነሥቶ፣ በዚያች እናት ጥይት ስንት ጠላት እንደጣለ እየማለ ተናገረ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። እየዋሸ አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ጥይት ሲሰጠው ከእሷ የመጣ ነው ብሎት ነበርና።

ዱሬቲ ተዝካሩን ሰምታ መጥታ ነበር። ጠይብ ከእንግዳ ጋር አይቀመጥምና ከአጥሩ ውጭ ተቀመጠች፤ አንዲት ልጅ ምግቡን በቅጠል አድርጋ፣ እጇ እንዳይነካት አርቃ አስቀመጠችላት።

«እመቤቴ ድሪም ያውቁ ነበር» አለች ዱሬቲ፤ «የእሳቸውን ያህል የሚያፈስ ከወንዶቹም አላየሁም።»

ልጅቱ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «አፈር ብዪ! በተዝካራቸው ቀን ትሰድቢያቸዋለሽ?» አለችና ሮጣ ገባች።

ስለ ወይዘሮ ጥሩብርሃን ሲነገር የኖረው ይህ ነው፤ ለአርበኞች ጥይት አቅልጣ የተሰቀለች ጀግና። አንድም ጥይት ሠርታ አታውቅም። በእውነት የሠራችውንና ከመሞቷ በፊት ጮኻ የተናገረችውን የሰሙት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከጠላት ጋር ሄደ፤ አንዱ ቋንቋውን አያውቅም፤ ሦስተኛዋ ልጇ ነበረች፤ እሷም ስለ እናቷ በተጠየቀች ቁጥር እስከ ዕለተ ሞቷ «አዎ፣ ጥይት ነበር» እያለች ትመልስ ነበር።